በበዓል ብቻ የሚነሳው ሞተር

እኔ በተፈጥሮዬ ከዕቃ ጋር አልጣላም። ባለቤቴ ሠናይት ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ሬዲዮውን በጥፊ የመታው ማን እንደሆነ፣ የውሃ ቧንቧውን «አንተ ወስላታ!» ብሎ የሰደበውም ማን እንደሆነ ታውቃለቻ። እሺ፣ አንዳንዴ እጣላለሁ፤ ግን ቂም አልይዝም። ባለፈው ጥር ከአንድ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ጋር የተጣላሁትን ያህል ግን ከሰውም ከዕቃም ተጣልቼ አላውቅም። ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ኮምፕሬሰር ያው ጎሚስታ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ጆሮ የሚያደነቁረው ሆዳም በርሜል ነው። ላዩ ላይ ሞተር አለ። ሞተሩ ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ፓምፑን ያዞረዋል፣ ፓምፑ በርሜሉን አየር ይሞላዋል። በዚያ አየር የፈለገ ጎማ ይነፋበታል፣ የፈለገ ቀለም ይረጭበታል። እኔ የፈለግሁት ለቀለም ነበር።

ልጃችን ምሕረት ጥር መጨረሻ ላይ እንድታገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ለቤትሽ ምን እንግዛልሽ ስንላት፣ «አዲስ ዕቃ አልፈልግም። የእማዬን ቁም ሳጥን ነጭ ቀብታችሁ ስጡኝ» አለች። ያ ቁም ሳጥን እኔና ሠናይት የተጋባን ሰሞን የገዛነው ነው። ምሕረት ልጅ ሆና ልብሶቹ መሀል ገብታ ትደበቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ እግሯ በበሩ ሥር እየታየኝ «ይህቺ ልጅ የት ገባች?» እያልኩ ቤቱን እዞር ነበር። ያንን ቁም ሳጥን ስትጠይቀኝ ሳግ ተናነቀኝ። ሳግ የተናነቀው ሰው ደግሞ ማሰብ አይችልም።

«በገዛ እጄ ነው የምቀባልሽ!» አልኩ። «ያውም በብሩሽ አይደለም፤ እንደ ፋብሪካ ዕቃ፣ በስፕሬይ!»

ሠናይት ቶሎ ሳግ የሚይዛት ሴት አይደለችም። «የት ሆነህ ነው የምትቀባው?» አለችኝ።

«ወርክሾፔ ውስጥ ነዋ።»

ወርክሾፕ የምለው ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ስወጣ ቤት ውስጥ የቀረችኝ ግዛት እሷ ብቻ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ ውስጥ የሠራሁት አንድ በርጩማና አንድ የወፍ ቤት ነው። የበርጩማው አንዱ እግር አጭር ነው፣ የወፍ ቤቱን ደግሞ አንዲት ወፍ መጥታ በሩን አየት አድርጋ ወደ እንጦጦ ተመልሳለች። ሠናይት ግን ለዚያች ክፍል ሌላ ሐሳብ ነበራት፤ ባልትና ልትከፍትባት ትፈልጋለች።

«እንግዲያው ስማ» አለችኝ። «ቁም ሳጥኑ ለሠርጉ ከደረሰ ክፍሏ የዘላለም ርስትህ ናት፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልደረሰ ግን ሽሮና በርበሬዬን ይዤ እገባለሁ።»

«ተስማማን!» አልኩ። አሁንም ሳጉ አልለቀቀኝም ነበር።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ሻጩ ሱሪዬ መተኮሱን ሲያይ ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ ማለትም ምንም አለማወቄን ወዲያው ተረዳ። «አባቴ፣ ሰው በወሬ አይግዛ። ሰምተውት ይውሰዱ!» ብሎ ማብሪያውን ጠቅ አደረገው። ኮምፕሬሰሩ አገሳ። በርሜሉ ተንቀጠቀጠ፣ አጠገባችን የተከመረ ቆርቆሮ ተንጫጫ፣ አንዲት ድመት ከአንድ መደብ ወደ ሌላው ዘለለች። እኔም ሌላ ሳላይ፣ ሌላ ሳልጠይቅ አስጫንኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

የጉለሌን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ታክሲው እኛ ሰፈር አፋፍ ድረስ አይወጣም። ከፌርማታው ጀምሮ ሁለት ተሸካሚዎች እያለከለኩ፣ እኔ ከኋላ «ቀስ! ቀስ!» እያልኩ ወጣን። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ አየን። እኔም ልክ እንደ ሙሽራ አጃቢ ግራ ቀኝ ሰላምታ ሰጠሁ።

ወርክሾፔ ገባ፣ ተሰካ፣ ጠቅ አደረግሁት።

«እምምምምም…» አለ።

አልተነሳም። ቺንጋው ፈቀቅ እንኳ አላለም። ድምፁ አዲስ አልሆነብኝም፤ ተማሪን ድንገት አስነስቼ «የክረምት ነፋስ ከየት ወደየት ነው የሚነፍሰው?» ስለው የሚያሰማው ድምፅ ነው። መልስ እንደሌለው ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል፣ ግን «እምምም» ይላል።

መጀመሪያ የደረሰልኝ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ በድሮ ጊዜ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፣ በሽታን ሁሉ በጆሮው ነው የሚለየው፤ የሰውንም ጭምር። ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጥፎ አዳመጠና፣ «ባትሪው ደክሟል» አለ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ እኮ ባትሪ የለውም። በመብራት ነው የሚሠራው።»

«እሱማ እሱ ነው» አለ፣ ሳያፍር። «በመብራት ሲሆን ግን ግፊ ይፈልጋል።»

መኪና በግፊ እንደሚነሳ ኮምፕሬሰርም በግፊ ይነሳል ተብሎ የፓምፑ መዘውር ላይ ገመድ ተጠመጠመ። እኔ ማብሪያውን ጠቅ ሳደርግ እሱ ገመዱን ላጥ አደረገው። መዘውሩ ዞረ፣ ገመዱ አመለጠ፣ ጋሽ ታደሰ ወደኋላ ሄዶ የሠናይት ጎመን መደብ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ወደ «እምምም» ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሐኪም በዛ። አንዱ ዘይቱ ነው አለ፤ ዘይት ቀየርኩ። ሌላው ለማስነሻ ኃይል የሚሰጠው ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ጣሳ መሳይ ነገር ሞቷል አለ፤ አዲስ ገዛሁ። እምምም። ቺንጋው ጠብቋል ተባለ፣ አላላሁት፤ ላልቷል ተባለ፣ አጠበቅሁት። ወፍጮ ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ከጠዋት እስከ ማታ ዱዱዱዱ ይላል፣ የኔው ከዚህ እምምም ይላል፣ እኔ መሀል ላይ ቁጭ። ማታ ማታማ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲሰካ መብራቱ ራሱ ቀልቶ የጧፍ ያህል እንኳ ስለማያበራ አልሞክረውም ነበር።

በመጨረሻ ሞተሩን ፈትቼ አዲሱ ገበያ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየጠመጠመ የሚያድን ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። ሰካው። አገሳ! እንደ ምናለሽ ተራው አገሳ።

«አባት፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» አለኝ።

ቤት አመጣሁት። እምምም። መልሼ ወሰድኩት። አገሳ። ሰውየው እኔን ከእግር እስከ ራሴ እያየ፣ «ምን ጉድ ነው ሰሞኑን? ጤነኛ ሞተር ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በዛ እኮ» አለ። ስድብ መስሎኝ ሞተሬን አቅፌ ወጣሁ። ያን ጊዜ «ሌላው ማነው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

እሁድ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለማኩረፍ ያህል ወርክሾፔ ገባሁና፣ ሳላስብበት፣ ማብሪያውን በክርኔ ነካሁት። አገሳ! ቤተሰቡ ሁሉ ሮጦ ወጣ። ምሕረት አጨበጨበች። እኔም የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ ቀለም ልበጠብጥ ስል አማቴ ወይዘሮ ተዋበች በሩን ዘግተው ቆሙ። ለሠርጉ ዝግጅት ብለው እኛ ዘንድ ከርመው ነበር።

«በሰንበት የተቀባ የሙሽራ ዕቃ በረከት የለውም» አሉ። «ነገም ቀን ነው።»

ነገም ቀን ነበር፤ ሰኞ። እምምም።

ማክሰኞም እምምም። ከዚያ አስተርእዮ ማርያም ገባች። ሰው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ ሲወጣ እኔ ቀስ ብዬ ተሰረቅሁና ሞከርኩት። ከእሁዱ የባሰ አገሳ። ዞር ስል አማቴ በሩ ላይ፣ መቋሚያቸውን ይዘው።

«በማርያም ቀን!» አሉ።

በነጋታው፣ በሥራ ቀን፣ እሳቸው ባሉበት ሞከርኩት። እምምም። አማቴ ዙሪያውን ቃኙትና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። በሥራ ቀን የሚያርፍ፣ በበዓል ቀን የሚሠራ ነገር ከማን ወገን እንደሆነ እኔ ልንገርህ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው!»

«ብረትማ ነው። ውስጡ ያለው ነው እንጂ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የዓለምን የነፋስ ቀበቶዎች በቃሌ አውቃለሁ፣ በበዓል ብቻ የሚነሳ ሞተር ግን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁም። ከሰዓት በኋላ አማቴ ከእንጦጦ የመጣ ጠበል በጆግ ይዘው መጡ።

«እማማ፣ ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም።»

«ጠበሉን ውሃ አልከው?»

እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይባላል? ሶኬቱን ነቅዬ ፈቀድኩላቸው። በስመ አብ ብለው አንዴ ረጩ፣ ሁለቴ ረጩ፣ የተረፈውን ወገቡ ላይ ደፉለት። «ይድረቅ» ማለት ሲገባኝ ችኩል ነኝና መልሼ ሰካሁት። ቷ! አለ፣ ብሬከሩ ወረደ፣ ቤቱ ጸጥ አለ።

«አየህ?» አሉ አማቴ በደስታ። «ጮኾ ለቀቀ!»

ሞተሩ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

የሠርጉ ሳምንት ገባ። ቤቱ በሴቶች ተሞላ፣ ጤፉ ይነፋል፣ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ሠናይት ከወፍጮ ቤት ወደ ቤት ከቤት ወደ ወፍጮ ቤት ስትል ነጠላዋ መሬት አይነካም። መሀል ላይ ግን ጊዜ አግኝታ ወርክሾፔ ትገባና በገመድ ግድግዳውን ትለካለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም። መደርደሪያ የት እንደሚቆም እያየሁ ነው።»

ቁም ሳጥኑ ተፍቆ፣ ተለስኖ፣ ራቁቱን ቆሟል። «በብሩሽ ቀባውና ይለቅልህ» አለችኝ፣ እያዘነችልኝ። የሚያናድደው ማዘኗ ነው። ለልጄ የገባሁት ቃል በብሩሽ አልነበረም። ምሕረት ራሷ ረቡዕ ማታ መጥታ፣ «አባዬ፣ ካልሆነም ችግር የለም» ብላኛለች። ልጅ ለአባቷ «ችግር የለም» ስትለው ከዚያ የበለጠ ችግር የለም።

ሐሙስ ዕለት በቃኝ። ገባሁና ማብሪያውን ተጭኜ አልለቅም አልኩ። «ትነሣለህ ወይስ አብረን እንቃጠላለን?» እያልኩ ያዝኩት። እምምምምም… አለ። ያዝኩት። እምምምምም… የሞተሩ ጀርባ መጋል ጀመረ። ያኔ ነው ከአጥሩ ማዶ የወፍጮው ድምፅ ሲቀየር የሰማሁት። ዱዱዱዱ የሚለው ዱ… ዱ… ዱ… አለ። ከዚያ አንድ ሰው ጮኸ።

«ያ ዋቅ! ኧረ አምላኬ፣ ደግሞ ጀመራት!»

ወንበር ላይ ወጥቼ በአጥሩ አናት አየሁ። ባለ ወፍጮው አቶ ፈይሳ፣ ከሱሉልታ በኩል መጥቶ እዚህ ሰፈር ያረጀ ጎረቤቴ፣ ቅንድቡ ድረስ በርበሬ ለብሶ ወፍጮውን በጥፊ ይመታል። በዓለም ላይ ዕቃ የሚመታ ሌላ ሰው መኖሩን ሳይ ደስ አለኝ።

«አቶ ፈይሳ፣ ምን ሆነች?»

«ተወኝ እስቲ መምህር! ከገና ወዲህ ታማብኛለች። ደህና ስትፈጭ ትቆይና ድንገት ነፍሷ ይወጣል። ቺንጋ ቀየርኩ። አዲሱ ገበያ ወስጄ አስመረመርኩ፣ ሰውየው ጤነኛ ናት አለኝ። አሁንማ ጠበል ሁሉ አስረጨሁላት።»

በአጥሩ አናት ይበልጥ ተንጠራራሁ። «የየት ጠበል?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«የእንጦጦ ነዋ።»

ተያየን። ከገና ወዲህ። እኔም ኮምፕሬሰሩን ያመጣሁት ገና ባለፈ ሰሞን ነው። «አቶ ፈይሳ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አጥፋት» አልኩት። አጠፋት። ሮጬ ገባሁና ጠቅ አደረግሁ። የኔው አገሳ። «አሁን አብራት!» ብዬ ጮህኩ። የሷ ዱዱዱ ሲጀምር የኔው እምምም አለ። እሱ ደግሞ ከወዲያ፣ «ደከመች! ደከመች!» ይላል።

የሁለታችንም መብራት የሚመጣው ከአንድ ምሰሶ፣ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነበር። ለሁለት ሞተር የሚበቃ ጉልበት የላትም። ወፍጮው እሁድና በማርያም ስለሚዘጋ የኔው የሚነሳው ያኔ ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሆነን ሁለት ጤነኛ ሞተር ስናክም ከርመናል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

«ግን አቶ ፈይሳ» አልኩት በንዴት፣ «በዚህ ሳምንት እንዲህ ፋታ ሳትሰጥ ቀኑን ሙሉ የማንን ነው የምትፈጨው?»

አቶ ፈይሳ በርበሬውን ከዓይኑ ጠርጎ አየኝ። «የማንን እፈጫለሁ? የናንተን ነዋ! የምሕረትን ድግስ!»

ከኋላዬ ሠናይት ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «በርበሬው ይቁምልኝ እንዳትል» አለችኝ። «ወጥ ሳይኖር ሠርግ የለም፣ ሠርግ ሳይኖር ቁም ሳጥኑ ለማን ነው?»

ተሸማገልን። አርብ በምሳ ሰዓት አቶ ፈይሳ ወፍጮውን አጥፍቶ ምሳውን ቀስ ብሎ ይበላል፣ እኔ እቀባለሁ፣ ከዚያ የመጨረሻዋ የበርበሬ ጆንያ ትፈጫለች። አቶ ፈይሳ ለልጄ ሲል አንዷን ጉርሻ ብዙ ጊዜ እንደሚያኝካት ማለልኝ።

አርብ ደረሰ። ሽታው ቤት እንዳይገባ ቁም ሳጥኑን አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሞተሩ አገሳ፣ ቀለሙ እንደ ጉም እየወጣ እንጨቱ ላይ አረፈ። ብሩሽ የለ፣ ጭረት የለ፣ ወተት የመሰለ ነጭ። ስጨርስ ምሕረት ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየችው። ጋሽ ታደሰ ኮፍያውን አወለቀ። ሠናይት የመለኪያ ገመዷን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ደስታህን ግለጽ» ቢለኝ ዳንኪራ እመታ ነበር።

አቶ ፈይሳ ምሳውን ጨርሶ ወፍጮውን አስነሳ።

ዕድሜዬን ሙሉ ነፋስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ወቅት፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ዳገት ላይ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ ለስንቱ ልጅ በጠመኔ ቀስት አስምሬያለሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ቀይ ጉም ከአጥሩ በላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደኛ ዘንበል አለ፣ እርጥቡ ነጭ ቀለም ላይ ዝርግፍ።

«አጥፋው! አቶ ፈይሳ፣ አጥፋው!» ብንል በወፍጮው ድምፅ ማን ይሰማል? ሮጬ መድኃኒቱን ያዝኩ፤ የራሴን ኮምፕሬሰር አስነሳሁ! የሱን ለማድከም። እምምምም… ዱ… ዱ… ዱ… ከዚያ ምሰሶው ላይ ፊውዙ ቷ! ብሎ ተቃጠለ። ሁለቱም ዝም አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው ማስነጠስ ብቻ ነበር፤ ከአጥሩ በዚህም በዚያም።

መብራቱ የተመለሰው ቅዳሜ ማታ፣ በሠርጉ ዋዜማ ነው። ቀለሙ ከነበርበሬው ደርቆ ነበር። ነጭ ቁም ሳጥን፣ ቀይ ጠቃጠቆ ያለበት። አንገቴን ደፍቼ ሠናይትን ጠበቅሁ። መጣች፣ ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ጣቷን አሳርፋ አሸተተች።

«ደርሷል» አለች።

«ማ?»

«ቁም ሳጥኑ ነዋ። ቃል ቃል ነው። ክፍሏ ያንተ ናት» ብላ ፊቷን ለማዞር ሞከረች፣ አልቻለችም፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች ሳለ አጭሩ እግር ጣላት።

ሠርጉ አማረ። ወጡም ከመጠን በላይ አማረ። ሚዜዎቹ ቁም ሳጥኑን ሲጭኑ ሙሽራው ሦስቴ አስነጠሰ፣ አማቴም ሦስቴ «ይማርህ» አሉት። አንዲት እንግዳ፣ «ይሄ ዲዛይን ከዱባይ ነው?» ብላ ስትጠይቅ አማቴ ሳይዋሹ፣ «አይ፣ ከሰፈር ነው» አሉ።

ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆነ። ክፍሌ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አያለሁ፣ የምቀባው የለኝም። ከሠርጉ ሳምንት በኋላ ምሕረት ደወለች። ሠናይት እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«አባዬ፣ ቁም ሳጥኑን በከፈትኩት ቁጥር ያስነጥሰኛል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ቤት ቤት ይሸታል። አንዳንዴ ዝም ብዬ እከፍተዋለሁ» አለች።

ሳግ ተናነቀኝ። እንደነገርኳችሁ፣ ሳግ የተናነቀው ሰው ማሰብ አይችልም። «ሠናይት» አልኩ፣ ስልኩን እንኳ ሳልዘጋ፣ «የክፍሏን ግማሽ ውሰጂ። በርበሬሽን ይዘሽ ግቢ።»

ሠናይት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። በሌላው እጇ ከኪሷ ያችን ገመድ አወጣች።